ካምቢዮ ቀይሬ ማርሽ እምቢ ሲለኝ የሄድኩበት የሳሪስ ጋራዥ

ለምርመራ ብቻ 800 ብር የሚያስከፍል ጋራዥ አለ ሲሉኝ ስቄ ነበር። ገና አንድ ቡሎን ሳይፈታ፣ ቁልፍ ሳያነሳ፣ መኪናዋን አይቶ ለመናገር 800 ብር? ዛሬ ቁጭ ብዬ ይሄን የምጽፈው ያንን ሳቅ ልውጠው ብዬ ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ራሳቸው "ወረፋው አሁንም በዝቶብኛል፣ እባክሽ አትጻፊኝ" ስላሉኝ ነው። ሳሪስ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ግቢ ነው፣ ከዚህ በላይ ከኔ አታገኙም።

መኪናዬ በፈረንጅ 1998 የተሠራች ኮሮላ ናት፣ ማንዋል። ዕድሜዋን ስታስቡት ጎበዝ ናት። ግን ባለፈው ዓመት አምስተኛ ማርሽ ማምለጥ ጀመረ። መንገድ ላይ ደህና እየሄድኩ እግሬን ከቤንዚን ሳነሳ ዱብ ብሎ ወደ ኒውትራል ይወጣል። ቀጥሎ ከካምቢዮው (ማርሾቹ ካሉበት ሳጥን) ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ድምፅ መጣ። ያሳየሁት ሰው ሁሉ አስከፍቶ ከማሠራት ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ መቀየር ይሻላል አለኝ።

"ለምን ሽጠሽ ሌላ አትገዢም?" የሚሉ ዘመዶች አይጠፉም። በምን ብር? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እዚሁ ያለው አሮጌ መኪና ደግሞ እንደ ወይን ሲቆይ ዋጋው የሚጨምር ሆኗል። የእህቴ ባል ኤሌክትሪክ ከገዛ ወዲህ ስለ ፍሪሲዮን ሳወራ "ፍሪሲዮን ምንድን ነው?" እያለ ያናድደኛል። እሱ ይሳቅ፣ እኔ ኮሮላዬን ይዤ ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወረድኩ።

ሱማሌ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ካምቢዮው መሬት ላይ ተደርድሯል፣ ሻጩ ሁሉም ከዱባይ ትናንት የገባ ነው ይላችኋል። እኔ 58,000 ብር ከፈልኩ፣ የአንድ ሳምንት ዋስትና በቃል ተሰጠኝ። ልጁ በእጁ የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ አሽከርክሮ "ይኸው እንደ ቅቤ" አለኝ፣ እኔም አመንኩ። ያኔ የማላውቀውን አሁን ልንገራችሁ። ዘንጉ መሽከርከሩ ምንም አይነግርም። በያንዳንዱ ማርሽ እያስገቡ ማሽከርከር ነው፣ ዘንጉን ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቆ ልቅ መሆኑን ማየት ነው፣ ከሁሉም በላይ የማፍሰሻውን ቡሎን አስፈትቶ የቀረውን ዘይት በጣት አሽቶ ማየት ነው። ግራጫ ጭቃ ችግር የለውም፣ የዕድሜ ነው። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ቁርጥራጭ ካያችሁ ግን ተመለሱ።

ፍሪሲዮኑንም አብሬ አዲስ ገዛሁ። ካምቢዮ ከወረደ የፍሪሲዮኑን ክፍሎች፣ ሸራውንም፣ ተጫኙንም፣ ኩሽኔታውንም አብሮ መቀየር ነው፣ ሁለት ጊዜ የጉልበት ከመክፈል። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ጋራዥ ጋር ተስማምቻለሁ። የተስማማንበት የመጨረሻው ነገርም ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሰፈሬ ያለ ነው። ሦስት ቀን ፈጀባቸው፣ 9,000 ብር ከፈልኩ። አምስተኛ ማርሽ አያመልጥም፣ ጩኸቱ ጠፍቷል፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደስታው መገናኛ እስክደርስ ቆየ። መብራት ላይ ቆሜ አንደኛ ላስገባ ስል እንቢ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል ረግጫለሁ፣ ማንሻው ግን ድንጋይ የነካ ይመስላል፣ አይገባም። ከኋላዬ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ስለ ሴት ሾፌር የሚያውቀውን ሁሉ ይነግረኛል። እንደምንም ሁለተኛ አስገብቼ እየተንቀጠቀጥኩ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ወደ ኋላ ላቆም ስል ደግሞ የኋላ ማርሽ ጭርርርር! ጎረቤት በረንዳ ላይ ወጥቶ አየኝ። ብቻ አይደለም፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስቀይር ሁልጊዜ ትቧጭራለች። እና ደግሞ ኒውትራል ላይ ቆማ እግሬን ከፔዳል ሳነሳ የሚመጣ፣ ስረግጥ የሚጠፋ ስስ ድምፅ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ምን ሆነች መሰላችሁ? ሁሉም ማርሽ ሰላም ነው። ሦስተኛዋ ብቻ ናት የምትቧጭረው። ወደ ጋራዡ ወሰድኳት፣ ልጁ ግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ አድርጎ "ምንም የላትም እህቴ" አለኝ።

ከዚያ የአንድ ወር ምልልስ ነው። መጀመሪያ "ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል" አሉኝ። ቀጥሎ "እህቴ፣ እግርሽን ፍሪሲዮን ላይ ታሳርፊያለሽ" አሉኝ። አላሳርፍም። አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፣ የመጀመሪያውን ሸራ በራሴ እግር ብዙ ዓመት ነድቼበታለሁ። ሦስተኛው ቀን ፔዳሉ ጋ ገብተው የሆነ ነገር አጠበቁና "አሁን ሞክሪው" አሉኝ። እውነት ለመናገር ትንሽ ተሻለ፣ ለአራት ቀን። በመጨረሻ ግን ፍርዱ መጣ፦ "ካምቢዮው ነው የተበላሸው። ሌላ ግዢ።" የሱማሌ ተራው ሻጭ ደግሞ ሳምንቱ አልፏል አለ። እንግዲህ ሌላ 58,000፣ ሌላ 9,000። ማታ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብል ውሸቴን አይደለም።

የቢሮ ባልደረባዬ ነው የሳሪሱን የነገረኝ። "ሰውየው ያስከፍላል፣ ግን ይጠይቃል" አለኝ። አባባሉ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ግቢው ከውጭ ሲያዩት ምንም አይስብም። ጥላ የለውም፣ ወንበር የለውም፣ አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት በር ላይ አለች እንጂ የእንግዳ ማረፊያ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቱ ወደ ስድሳዎቹ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ። ሃያ ደቂቃ! ሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም።

"ጠዋት ይገባል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ማታስ?"

"ቤት ስደርስ አይገባም።"

"ሞተር ስታጠፊውስ?"

ዝም አልኩ። በወር ውስጥ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ሞክሬው አላውቅም።

ቁልፉን ተቀበሉኝና ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ እስከ አምስተኛ፣ የኋላ፣ ሁሉም ያለ ግፊት ገባ። "ይሄ የሚነግረሽ ምንድን ነው መሰለሽ ልጄ" አሉና ማስረዳት ጀመሩ። ሞተር ጠፍቶ የማይገባ ማርሽ ከሆነ ጥፋቱ ከማንሻው ወደ ካምቢዮው በሚሄዱት ሁለት ካቦዎች ወይም ካምቢዮው ውስጥ ነው። ካቦዎቹ በመልሶ መግጠም ጊዜ ከቦታቸው ተዛንፈው ወይም ጫፋቸው ላይ ያለው ፕላስቲክ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ሞተር ጠፍቶ የሚገባ፣ ሞተር ሲነሳ የማይገባ ከሆነ ግን ካምቢዮውን አትሳደቢው። ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ እየለየው አይደለም ማለት ነው። ሸራው በትንሹም ቢሆን ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ቮላኖ እየተጎተተ ዘንጉን ያዞረዋል፣ የሚዞር ዘንግ ላይ ደግሞ ማርሽ ልግባ ሲል ይጣላል።

ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ቤንዚን ሳይሰጡ በሚኒሞ አቆዩትና ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጠው በቀስታ እስከ አምስት ቆጠሩ። የኋላ ማርሽ አስገቡ። ገባ፣ አልጮኸም። የኋላ ማርሽ በኔ መኪና እንደ ወደፊቶቹ ፍጥነት የሚያቻችል ቀለበት የለውም፣ ስለዚህ ውሸት አያውቅም ይላሉ። ዘንጉ ቆሞ ከሆነ ይገባል፣ እየዞረ ከሆነ ይጮሃል። አሁን ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው የገባው።

እኔ በዚህ መሀል የሰፈሬ ልጆች ያሉኝን ነገርኳቸው፣ ካምቢዮው ነው ብለዋል፣ ሸራው ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል ያለኝ ሌላ ሰውም አለ፣ ቢፈታ አይሻልም ወይ አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ሸራው ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ጠዋትም አይገባልሽም ነበር። ካምቢዮውን ሲገጥሙ በዘንጉ አንጠልጥለውት ሸራው ታጥፎም ቢሆን ያው ነው። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ሹካ ከቦታው ወጥቶም ቢሆን ያው ነው። ብረት ጠዋትና ማታ አይለይም። ያንቺ በሽታ ሲሞቅ ነው የሚነሳው። ሲሞቅ የሚለዋወጠው ዘይትና ጎማ ነው።"

ይቺን ቤቴ ስደርስ ስልኬ ላይ ጻፍኳት። ብረት ጠዋትና ማታ አይለይም።

ቀጥሎ መኪናዋን ማሞቅ ነበረብን። ራሳቸው ጎኔ ተቀምጠው ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ወጣን። በዚያ ሰዓት ያ መንገድ ከባድ መኪና የሞላበት ነው፣ አንድ ማርሽ፣ ፍሬን፣ አንድ ማርሽ፣ ፍሬን። ለምርመራ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም አሉኝ፣ ሳቅኩ። አርባ ደቂቃ ሲሆን ጀመረች። አንደኛ እንቢ። "አሁን ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ርገጪና ያዢው" አሉኝ። አደረግኩ። ማርሹ ሰተት ብሎ ገባ! ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ደጋግሞ መርገጥ የሚያስተካክለው ከሆነ በፔዳሉና በሹካው መካከል ያለው የዘይት መስመር ነው ጥፋተኛው። ወይ አየር አለበት፣ ወይ ከሁለቱ ፖምፓዎች (ፔዳሉ ጋ ካለው የላይኛው ወይም ካምቢዮው ጋ ካለው የታችኛው) አንዱ ግፊት ያሳልፋል፣ ወይ ቱቦው ይለጠጣል።

ግቢ ስንመለስ አንዲት ተራ የተማሪ ማስመሪያ አወጡ። ረዳታቸው ፔዳሉን ይረግጣል፣ እሳቸው ካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፖምፓ ሹካውን ምን ያህል እንደሚገፋው ይለካሉ። መኪናዋ ቀዝቃዛ ሳለች ለክተውት ነበር፣ 13 ሚሊሜትር። አሁን 8። እጄን አስያዙኝ፦ "ይሄን ጎማ ያዢ፣ ርገጥ አንተ!" ልጁ ሲረግጥ ቱቦው መዳፌ ውስጥ እንደ እባብ አበጠ። ትንፋሼ ቆመ። እኔ ፔዳል ላይ የማጠፋው ጉልበት ሹካውን መግፋት ትቶ ቱቦ ያሳብጣል። ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ይችለዋል። የሞተሩ ክፍል ሲግል ይላላል፣ ያብጣል፣ የማርሹም ዕጣ ፈንታ ያኔ ነው የሚወሰነው።

"ግን ለምን ካምቢዮው ከተቀየረ በኋላ?" አልኳቸው። ከዚያ በፊት እኮ እንዲህ ሆና አታውቅም። እሳቸውም "ሲያወርዱት ይሄን ፖምፓ የት ነበር ያስቀመጡት?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቃለሁ ልላቸው ስል ትዝ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ጋራዡ ሄጄ ለወንድሜ ልልክለት ፎቶ አንስቼ ነበር፣ "እየው ልጅህ ሆዷ ተከፍቶ" ብዬ። ስልኬን ከፈትኩ። ፎቶው ላይ ካምቢዮው መሬት ላይ ነው፣ የታችኛው ፖምፓ በራሱ ቱቦ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ይወዛወዛል። የሃያ ስንት ዓመት ጎማ ሦስት ቀን ሙሉ ብረት ተሸክሞ ተንጠልጥሏል። በሽቦ ከአንድ ነገር ጋር ቢያስሩት ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በኋላ ፎቶውን ለሰፈሬ ጋራዥ አሳየኋቸው። "ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያወርደው" አሉኝ። በቃ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

አሁን የፔዳሉን ማጠንከር አስታውሱ፣ ለአራት ቀን የተሻለኝን። ያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቶዮታ ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ባዶ መንገድ እንዲኖረው ይፈልጋል፣ በጣት ስትነኩት በቀላሉ የሚሄድ። የኔ ዜሮ ሆኗል። በሽታውን ለመሸፈን የፔዳሉን ዘንግ አስረዝመውት የላይኛው ፖምፓ ሁልጊዜ ትንሽ እንደተረገጠ ይኖራል። ዘይቱ ሲሞቅ የሚመለስበት ቀዳዳ ስለሚደፈን ግፊቱ እንደታሰረ ይቀራል፣ ኩሽኔታው ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል፣ ቆይቶም ሸራው መንሸራተት ይጀምራል። በሌላ አነጋገር ካምቢዮ ግዢ ያሉኝ ሰዎች በሁለት ወር ውስጥ ፍሪሲዮንም ሊያስገዙኝ ነበር። ጋሼ ወደ 10 ሚሊሜትር መለሱት።

ቱቦው ተቀየረ፣ በመስመሩ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት በሙሉ ተቀየረ (የድሮው ጥቁር ቡና ይመስል ነበር)፣ አየሩ ወጣ። አየር ማስወጣቱ ረዘም አለ፣ ልጁ ይረግጣል ይይዛል፣ እሳቸው ከታች ከፍተው ይዘጋሉ፣ ፊኛዋ እስክትጠፋ። በጋለችው መኪና ላይ እንደገና ለኩ። 13።

ሦስተኛ ማርሽ ግን መቧጨሯን አልተወችም። እኔ አንድ በሽታ መስሎኝ ነበር፣ የሰፈሬ ጋራዥም ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው ካምቢዮው ያለው። ጋሼ ከመጀመሪያው ለይተውታል። አንድ ማርሽ ብቻ፣ ጠዋትም ማታም፣ ሞቀም ቀዘቀዘም የሚቧጨር ከሆነ ፍሪሲዮን አይደለም። ፍሪሲዮን አድሎ አያውቅም፣ ከበደለ ሁሉንም ነው። ይሄ የዚያ ማርሽ ማቻቻያ ቀለበት ነው፣ ሲንክሮናይዘር የሚሉት። ለማረጋገጥ ከሁለተኛ አውጥቼ ኒውትራል ላይ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ እንደገና ረግጬ ሦስተኛ እንዳስገባ አደረጉኝ፣ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንደሚያደርጉት። ጸጥ ብላ ገባች።

የካምቢዮውን ዘይት ሲያፈሱ ምን እንደወጣ አይታችሁ ቢሆን። ማር! ወፍራም 140 ቁጥር ዘይት ሞልተውበታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳም ጠዋት ያ ወፍራም ዘይት ቀለበቱ ሥራውን እንዳይሠራ ያደርገዋል፣ ማርሹም ይደርቃል። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ ነበር፣ ዘይቱ ውስጥ ደግሞ ቢጫ ብልጭልጭ፣ ማለትም የሦስተኛዋ ቀለበት ናሐስ። የሱማሌ ተራውን ልጅ ቅቤ አስታወስኩ። ቀጠን ባለው 75 ደብልዩ 90፣ ጂ ኤል 4 በሚባለው ዘይት ተተካ። ጂ ኤል 5 ለምን አይሆንም ስላቸው ለዲፍረንሻል ግፊት ተብሎ የሚጨመረው ድኝ ያለበት ነገር አንዳንዱ ናሐስን ስለሚበላ፣ የመኪናው መጽሐፍ ካልፈቀደ በቀር ለዚህ ዓይነት ካምቢዮ አልገፋፋም አሉኝ። ከ2 ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው የሚገባው። እና አንድ ነገር፣ ረዳታቸው ማፍሰሻውን ሊፈታ ሲል ጮሁበት፦ "መጀመሪያ መሙያውን!" የመሙያው ቡሎን ዝጎ እንቢ ቢል ዘይቱን አፍስሰሽ ባዶ ካምቢዮ ይዘሽ ትቀሪያለሽ አሉኝ። ቤታቸው ራሳቸው ዘይት የሚቀይሩ ልጆች ይቺን ያዙ።

ያ እግሬን ሳነሳ የሚመጣውና ስረግጥ የሚጠፋው ድምፅ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም ስረግጥ የሚመጣ ቢሆን፣ አዲስ የገዛሁት የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነበር የሚጠረጠረው። ገና ስስ ስለሆነ ለሦስተኛዋ ቀለበት ካምቢዮው ሲከፈት አብሮ ይቀየራል ብለው ተዉት። መሥራት ይችሉ ነበር፣ ገንዘብም ነው፣ ግን አልገፋፉኝም።

ሂሳቡ ይሄ ነው። ምርመራ 800፣ ቱቦ 1,600፣ የፍሬን ዘይት 700፣ የካምቢዮ ዘይት 2,800፣ ጉልበት 2,500። በድምሩ 8,400 ብር። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በየወሩ ስለሚለያይ ስትሄዱ ይሄኑ ቁጥር ይዛችሁ አትከራከሯቸው።

አሁን ቅሬታዬን ልንገራችሁ፣ ሰውየው መልአክ አይደሉም። ስልክ አያነሱም። ለማክሰኞ ቀጥረውኝ ሐሙስ ነው የተቀበሉኝ፣ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ፣ የቡናዋ ሴት ባትኖር ኖሮ ራሴን እስት ነበር። ደረሰኝ ስጠይቅ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ወረቀቱን ቀደው ሰጡኝ፣ ለድርጅት መኪና ሂሳብ የምታወራርዱ ከሆነ ይሄ አይሆናችሁም። መለዋወጫ ራሳችሁ ገዝታችሁ ከመጣችሁ ፊታቸው ይጠቁራል። እና ደግሞ ያወራሉ፣ ጌታዬ! ስለ ፍሪሲዮን ጠይቃችሁ ደርግ ዘመን የነዱት ፊያት ላይ ነው የምትደርሱት። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ከሳምንት በኋላ ባትሪዬ ሲንቀጫቀጭ ሰምቼ ኮፈኑን ስከፍት የባትሪውን ማሰሪያ ሳይመልሱት ቀርተው አገኘሁት። ሥራው የረዳቱ ነው፣ ተመልሼ ስሄድ በነጻ አሰሩልኝ፣ ልጁንም እፊቴ ተቆጡት። ግን ባትሪ ተገልብጦ ብረት ቢነካስ? አራት ኮከብ እንጂ አምስት የማልሰጣቸው በዚህ ነው።

ከወጣሁ በኋላ የራሴን ምርመራ አድርጌያለሁ። እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ያ ዳገት ፍሪሲዮንን እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ አይደለም የሚፈትነው፣ በየኩርባው ነው። ጋሼ እንደነገሩኝ በከፍተኛ ማርሽ ቤንዚን ስሰጣት የሞተሩ ድምፅ ብቻውን ጨምሮ መኪናዋ ካልጨመረች ሸራው እየተንሸራተተ ነው። አልተንሸራተተችም። ዳገቱ ላይ አቁሜ በእጅ ፍሬን ስነሳም አልተንቀጠቀጠችም። ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ሸራው ዘይት ጠጥቷል፣ ወይም ቮላኖው ቶርኖ ቤት ሳይላግ አዲስ ሸራ ተገጥሞበታል፣ ወይም የሞተር ሱፖርት ቡሎን ልል ቀርቷል ማለት ነበር። ከላይ ሆኜ ብርዱን እየሳብኩ የኋላ ማርሽ አስር ጊዜ ያህል አስገብቼ አወጣሁ። የሚያየኝ ሰው አብዳለች ብሎ ይሆናል።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ መኪናችሁን አሞቃችሁ ሳይሆን አሳድራችሁ ቀዝቃዛዋን ውሰዱላቸው፣ ሁለቱንም ማየት ይፈልጋሉ። ችግሩ መቼ መቼ እንደሚመጣ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሌላ ቦታ ካምቢዮ የምታስወርዱ ከሆነ ደግሞ እንደ እኔ ፎቶ አንሱ፣ የታችኛውን ፖምፓ በሽቦ እሰሩልኝ በሉ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ልክ በልክ የሚያስቀምጡት ሁለት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ቦታቸው ላይ መሆናቸውን በዓይናችሁ እዩ። ያገለገለ ካምቢዮ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ጋር ይቀራሉ። ከጠፉ ካምቢዮው በቡሎን ብቻ ተንጠልጥሎ በፀጉር ያህል ይዛነፋል፣ ያኔ ማርሹ ጠዋትም ማታም እንቢ ይላችኋል። ትቆጣጠረናለች ብለው ይኮርፋሉ፣ ይኩረፉ።

ሦስተኛዋ አሁንም ጠዋት ጠዋት፣ ዘይቱ እስኪሞቅ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ትቧጭራለች። ጋሼ "ከክረምት በፊት አምጫት፣ ቀለበቱን ካገኘሁ እከፍታታለሁ" ብለውኛል። ሰኞ ደወልኩላቸው። አላነሱም።